ከተቆራኙ የብርሃን ቅንጣቶች የሚሠራው ኮምፒውተር፦ ከየት ደረሰ? ለእኛስ ምን ይዟል?

በሀብሩ ወረዳ ማሳ ላይ የበቀለ የሽምብራ ወይም የማሾ ተክል በጥንቃቄ ከነሥሩ ሲነቀል፣ በሥሮቹ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ እባጮች ይታያሉ። በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችል ንጥረ ነገር ይለውጣሉ። ለዩሪያ ማዳበሪያ መሥሪያ የሚሆነውን አሞኒያ የሚያመርት ፋብሪካ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው 400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በከባድ ግፊት፣ ብዙ ኃይል እያባከነ ነው። ባክቴሪያው ግን በአፈሩ ሙቀት ብቻ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ያከናውነዋል።

ሳይንቲስቶች ሥራውን የሚሠራው ናይትሮጂኔዝ የተባለ ፕሮቲን መሆኑን፣ በእምብርቱም ብረትና ሞሊብዲነም እንዳሉበት ያውቃሉ። እያንዳንዱ እርምጃ በትክክል እንዴት እንደሚከናወን ግን እስከ ዛሬ ተሰልቶ አላለቀም። ምክንያቱ በዚያ እምብርት ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች አንዱ ከሌላው ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው፣ ስሌቱ ለዓለም ኃያላን ኮምፒውተሮችም እጅግ ከባድ መሆኑ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር የሚባለው መሣሪያ የተፈለገው እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች ነው። ከመሣሪያው ዓይነቶች አንዱ በተቆራኙ የብርሃን ቅንጣቶች የሚሠራ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያውያን የፊዚክስ ምሁራንም አሻራቸውን አኑረዋል።

ተራው ኮምፒውተርና የኳንተም ኮምፒውተር

በእጃችን ያለው ስልክም ሆነ በባንክ ቤት ያለው ኮምፒውተር ማንኛውንም መረጃ በዜሮና በአንድ ይጽፋል። እያንዳንዱ የመረጃ ቅንጣት ቢት ይባላል፤ ወይ ዜሮ ወይ አንድ ነው፤ መካከለኛ የለውም። የኳንተም ኮምፒውተር ቅንጣት ደግሞ ኪውቢት ይባላል። ኪውቢት እስኪለካ ድረስ ዜሮንም አንድንም በአንድነት አጣምሮ ሊይዝ ይችላል።

አንድ ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር በስሌቱ ውስጥ የሚጣመሩት አማራጮች እጥፍ ይሆናሉ። 10 ኪውቢቶች 1 ሺህ 24 አማራጮችን ይይዛሉ፤ 20 ሲሆኑ አማራጮቹ ከ1 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ 300 ሲደርሱ ደግሞ ቁጥሩ በሚታየው ጠፈር ውስጥ አሉ ከሚባሉት አቶሞች ሁሉ ይልቃል።

ይህ ማለት ግን ማሽኑ መልሶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ያሳያል ማለት አይደለም። ሲለካ የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው። ጥበቡ፣ የውኃ ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱ እንደሚጎላና አንዳንዱ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርስ እንዲጣፉ ትክክለኛው ደግሞ እንዲጎላ ስሌቱን ማቀናጀት ነው። ስለዚህ የኳንተም ኮምፒውተር ለሁሉም ሥራ ፈጣን አይደለም፤ የሚልቀው በተወሰኑ የስሌት ዓይነቶች ነው።

ቁርኝት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ከአንድ ጥንድ ጫማ አንዱን በመርሳ፣ ሌላውን በወልድያ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ። መርሳ ያለው ሳጥን ተከፍቶ የግራ እግር ጫማ ከተገኘ፣ ወልድያ ያለው የቀኝ እግር መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። እዚህ ላይ ምንም ምሥጢር የለም፤ ጫማዎቹ ሲቀመጡም ግራና ቀኝ ነበሩ።

የተቆራኙ የብርሃን ቅንጣቶች ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ፎቶን የሚባሉት እነዚህ ቅንጣቶች ከመለካታቸው በፊት ግራ ወይም ቀኝ ተብለው የተወሰኑ አይደሉም። አንዱ ሲለካ የሚገኘው ውጤት በዕድል የሚወጣ ይመስላል፤ የሌላው ውጤት ግን ምንም ያህል ቢራራቁ ከእርሱ ጋር ይዛመዳል። አልበርት አንስታይንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ጉዳይ አንስተው የኳንተም ንድፈ ሐሳብ ያልተሟላ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 ክርክሩ በሙከራ የሚዳኝበትን መንገድ አሳየ። ጆን ክላውዘር፣ አሌን አስፔ እና አንቶን ዛይሊንገር በተቆራኙ ፎቶኖች ባደረጓቸው ሙከራዎች ቁርኝቱ እውነት መሆኑን አረጋግጠው እ.ኤ.አ. የ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በቁርኝት አማካይነት ከብርሃን የፈጠነ መልእክት መላክ አይቻልም። በመርሳ የተገኘው ውጤት በወልድያ ካለው ጋር መዛመዱ የሚታወቀው፣ ሁለቱ ወገኖች በስልክ ወይም በሌላ በተለመደ መንገድ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።

ብርሃን ለምን ተመረጠ?

ኪውቢት ከተለያዩ ነገሮች ሊሠራ ይችላል። አንዳንድ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቶች ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ማለትም ቅዝቃዜ ሊደርስበት በሚችለው የመጨረሻ ወሰን አጠገብ መቀመጥ አለባቸው። ፎቶን ግን በተለመደው የክፍል ሙቀት ጠባዩን ይጠብቃል፤ በቴሌኮም ፋይበር ውስጥም መጓዝ ይችላል። በዚህ የተነሳ ብዙ ማሽኖችን በፋይበር አያይዞ እንደ አንድ ማሠራት ይቻላል።

ችግሩም እዚያው አለ። የመጀመሪያው ፎቶኖች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሳይነካ የሚያልፍ መሆኑ ነው፤ ለስሌት ግን መነካካት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒል፣ ላፍላም እና ሚልበርን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በመስተዋትና በብርሃን ቆጣሪዎች ብቻ ይህን ችግር ማለፍ እንደሚቻል በስሌት አሳዩ።

ሁለተኛውና ከባዱ ችግር ብክነት ነው። ጥራት ባለው ፋይበር ውስጥ ከሚጓዝ ብርሃን በ15 ኪሎ ሜትር ግማሹ ይጠፋል። ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት 100 ፎቶኖች ቢላኩ የሚደርሱት 25 ያህሉ ናቸው ማለት ነው። ለስልክና ለኢንተርኔት የሚላከው ብርሃን ሲደክም በመንገድ ላይ በመሣሪያ ይጎለብታል። የኳንተም መረጃ ግን ሊገለበጥ ስለማይችል እንዲህ ማድረግ አይፈቅድም። የዘርፉ ተመራማሪዎች ዋና ትግል ከዚህ ብክነት ጋር ነው።

እስካሁን የተደረሰበት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የቻይና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂውጃንግ የተባለ ማሽን አስተዋወቁ። ማሽኑ እስከ 76 ፎቶኖችን በመቁጠር አንድን ስሌት በ200 ሰከንድ ማከናወኑን፣ ሥራው ለተራ ሱፐር ኮምፒውተር እጅግ ረጅም ዘመናት እንደሚወስድ ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የካናዳው ዛናዱ ኩባንያ ቦሪያሊስ በተባለው ማሽኑ ተመሳሳይ ውጤት አቀረበ። ሁለቱም የሠሩት ስሌት ለብልጫ ማሳያ የተመረጠ እንጂ ለፋብሪካ ወይም ለሆስፒታል የሚውል አልነበረም። ሌሎች ተመራማሪዎችም ለተራ ኮምፒውተሮች የተሻለ የስሌት ስልት በመቀየስ የተባለውን ልዩነት አጥብበውታል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ይኸው የካናዳ ኩባንያ አውሮራ የተባለውን ማሽን ይፋ አደረገ። አውሮራ በ4 መደርደሪያዎች ላይ የተቀመጡ 35 የብርሃን ቺፖችን በ13 ኪሎ ሜትር ፋይበር ያያያዘ ነው፤ ከብርሃን ቆጣሪዎቹ በስተቀር በክፍል ሙቀት ይሠራል። በወሩ ሳይኳንተም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የብርሃን ቺፖችን በተለመደ የቺፕ ፋብሪካ በብዛት ማምረት እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ አቀረበ። የቤተ ሙከራው ዕቃ ወደ ፋብሪካ ምርት መሸጋገር ጀምሯል፤ ለማዳበሪያ ምርምር የሚበቃ ማሽን ግን ገና አልተሠራም።

የኢትዮጵያውያን ምሁራን አሻራ

ጂውጃንግም ሆነ ቦሪያሊስ የሚጠቀሙበት ብርሃን በፊዚክስ ቋንቋ የተጨመቀ ብርሃን ይባላል። ማንኛውም ብርሃን በተፈጥሮው ጥቂት መዋዠቅ አለው። በእህል የተሞላ ጆንያ ከአንድ ጎኑ ሲጫኑት በሌላው ጎን እንደሚያብጥ ሁሉ፣ የብርሃኑ መዋዠቅ በአንድ ወገን ሲቀነስ በሌላው ወገን ይጨምራል። እንዲህ የተጨመቁ ሁለት ብርሃኖች ግማሹን በሚያሳልፍና ግማሹን በሚመልስ መስተዋት ላይ ሲገናኙ ይቆራኛሉ።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ያስተማሩት ፍሥሓ ካሳሁን ከተማሪዎቻቸው ጋር ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ብርሃን ነው። ያተኮሩበት ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘር በእርከን ሊመሰል ይችላል። አቶሙ ከላይኛው እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ በየደረጃው አንድ አንድ ፎቶን ይለቃል። ላይኛውና ታችኛው እርከን በተገቢው መንገድ ሲተሳሰሩ የሚወጣው ብርሃን የተጨመቀና የተቆራኘ ይሆናል። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚህ ሌዘር ላይ ያደረጉትን ጥናት ፊዚካል ሪቪው በተባለው የታወቀ መጽሔት አሳትመዋል፤ በ2008 ደግሞ ስለ ኳንተም ብርሃን ሳይንስ መሠረቶች የመማሪያ መጽሐፍ አውጥተዋል።

ስንታየሁ ተስፋም በዚሁ ሌዘር በሚገኝ ቁርኝት ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥናት ያሳተሙ ሲሆን፣ በ2020 ስለ ኳንተም ብርሃን ሂደቶች የጻፉት መጽሐፍ ስፕሪንገር በተባለው ዓለም አቀፍ አሳታሚ ወጥቷል።

እነዚህ ጥናቶች የንድፈ ሐሳብ ናቸው፤ ውድ ቤተ ሙከራ ሳይሆን ሒሳብ፣ ወረቀትና ጽናት ጠይቀዋል። በወልድያም ሆነ በመርሳ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ እየተማረ ላለ ወጣት ትርጉሙ ግልጽ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበትም ወደዚህ ሳይንስ የሚያስገባ በር አለ፤ መክፈቻውም ጠንካራ የሒሳብ መሠረት ነው።

ለአርሶ አደሩ

ሀገራችን ማዳበሪያን ከውጭ ገዝታ በጅቡቲ ወደብ በኩል ታስገባለች፤ የውጭ ዋጋ ሲንር ጫናው ማሳ ድረስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊዘርላንድና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የናይትሮጂኔዝን ምሥጢር በኳንተም ኮምፒውተር ማስላት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስህተቱን የሚያርም ትልቅ ማሽን ግን ያስፈልጋል። ማሽኑ ተሠርቶ ምሥጢሩ ቢታወቅ እንኳ፣ ከዚያ ርካሽ ማዳበሪያ እስኪገኝ ሌላ ረጅም ምርምር ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ የነገ ተስፋ እንጂ የመጪው ክረምት ዕቅድ አይደለም።

ለመጪው ክረምት የሚሆነው እውቀት በእጅ አለ። ሽምብራን፣ ማሾንና ባቄላን የመሰሉ ጥራጥሬዎች ከማሽላና ከጤፍ ጋር ሲፈራረቁ የአፈሩን ናይትሮጂን ይደግፋሉ። ተክሉ አበባ ሲይዝ አንድ ሁለቱን ከነአፈሩ ነቅሎ የሥሩን እባጭ መሰንጠቅ ይጠቅማል። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን እየሠራ አይደለም። እባጭ በማይታይበት ማሳ ዘሩን ለዝርያው በተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ ለውሶ መዝራት አንዱ አማራጭ ነው። በቅርብ ያሉ የግብርና ባለሙያዎችን፣ እንዲሁም በዚያው በሀብሩ ወረዳ የሚገኘውን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማማከር ይቻላል።

ለከተማ ነዋሪው

በስልክ ገንዘብ ስንልክ ምሥጢራችንን የሚጠብቀው የሒሳብ ቁልፍ ነው። ከቁልፎቹ መካከል በሰፊው የሚሠራበት አንዱ ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መልሶ መበተን አስቸጋሪ በመሆኑ ላይ ይመካል። 15 የ3 እና የ5 ብዜት መሆኑ ቀላል ነው፤ ለቁልፍ የሚመረጠውን እጅግ ትልቅ ቁጥር መበተን ግን ለተራ ኮምፒውተር የማይሞከር ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ብቁ የኳንተም ኮምፒውተር ይህን ቁልፍ ሊፈታ እንደሚችል አረጋገጠ። ዛሬ ያሉት ማሽኖች ለዚህ አልበቁም። ቢሆንም የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የኳንተም ኮምፒውተርን እንዲቋቋሙ የተዘጋጁ ሦስት አዳዲስ የቁልፍ ደረጃዎችን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አጽድቋል። ወደ አዲሱ ቁልፍ መሸጋገር የባንኮች፣ የቴሌኮምና የመንግሥት ተቋማት የቤት ሥራ ነው።

የነዋሪው ድርሻ ከዚህ ይቀላል። ዛሬ ገንዘብ የሚዘረፈው በኳንተም ኮምፒውተር ሳይሆን፣ በስልክ ደውሎ የምሥጢር ቁጥር በሚጠይቅ አታላይ ነው። የምሥጢር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት አሁንም ዋናው መከላከያ ነው። «በኳንተም የሚፈውስ» መሣሪያ ወይም «በኳንተም የሚያተርፍ» ገንዘብ አለ የሚል ሻጭ ሲመጣም ጥርጣሬ ይገባል። ቃሉ የሳይንስ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ሳይንስ አይሆንም። በብርሃን የሚሠሩት የኳንተም ማሽኖች ገና በቤተ ሙከራና በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ናቸው፤ በገበያ ጠረጴዛ ላይ አይሸጡም።