ሜዳ የሌለው ተማሪ

«ጨዋታህን ትተህ አጥና!» ያልተባለ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ምክሩ ወደ ትእዛዝ ተለውጧል። የስፖርት ክፍለ ጊዜው ለማጠናከሪያ፣ ቅዳሜው ለአስጠኚ ይሰጣል። ለመሆኑ ከጨዋታ የተነጠቀ ሰዓት ውጤት ይጨምራል ወይ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ ጉዳይ የተደረጉ 50 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ከታዩት ግንኙነቶች ግማሽ ያህሉ በጎ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ለውጥ አላሳዩም፤ ጉዳት የታየው በ1.5 በመቶው ብቻ ነው። በእኛ በሕግ ሰዎች አነጋገር፣ ስፖርት ትምህርትን ይጎዳል የሚለው ክስ በማስረጃ አልተረጋገጠም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን 221 ልጆች ለዘጠኝ ወራት ተከታትሏል። ከትምህርት በኋላ ሲሮጡና ሲጫወቱ የቆዩት ልጆች ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ ትኩረታቸውን የመግዛት ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል።

ክብደትስ? ውፍረትና ዝቅተኛ ውጤት አብረው በሚታዩበት ቦታ የቤተሰብ ኑሮ፣ እንቅልፍና የጓደኞች ፌዝም አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በኪሎ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። በአገራችን ደግሞ የባሰው ችግር በተቃራኒው ወገን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው «የረሃብ ዋጋ በአፍሪካ» ጥናትም በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍል ከሚደግሙት 16 በመቶው ምክንያታቸው ከመቀንጨር ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል።

መርካቶ ጎጃም በረንዳ ላይ ሁለቱም ወገን ይገናኛል። የነጋዴው ልጅ በመኪና ተመልሶ ሱቅ ውስጥ ብስኩትና ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። የተሸካሚው ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ ሥራ ያግዛል። ለአንደኛው ያነሰው እንቅስቃሴ፣ ለሁለተኛው ያነሰው ምግብ ነው። ሸክም ደግሞ ጨዋታ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስፋፋው ምገባ ለሁለተኛው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ሜዳ ግን ለሁለቱም የላቸውም፤ በጭነት መኪናና በኩንታል መካከል የጨርቅ ኳስ የት ይንከባለል?

ጨዋታ ችሮታ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የእረፍትንና የጨዋታን መብት ይደነግጋል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል።

እንግዲህ ወላጆች በምዝገባ ቀን ስለ ክፍያው ብቻ አንጠይቅ። «ሜዳችሁ የት ነው? ፈተና ሲደርስ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ይሠረዛል ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። ከተማችን በ2011 ዓ.ም. ዋና ዋና መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ አድርጋ አሳይታናለች። አብዛኛው ሱቅ በሚዘጋበት እሑድ ጠዋት ከመርካቶ መንገዶች አንዷን ለልጆች መልቀቅ የሚከብድ አይመስለኝም።

ቸር እንሰንብት።