የጌንስቦሮ ሁለት ሴት ልጆች

ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ደጋግሞ የሚያቆመኝ ሥዕል ንጉሥም ጦርነትም የለበትም። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከጨለማ ደን ወደ ብርሃን ሲወጡ ያሳያል። ታናሽቱ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ልትይዝ እጇን ዘርግታለች። ቢራቢሮዋ ያረፈችው የኛን ኮሸሽላ በሚመስል እሾሃም ተክል ላይ ነው። ታላቋ ግን እሾሁን ቀድማ ያየች ይመስል ቆጠብ ብላለች። ሥዕሉን በ1756 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሠራው ቶማስ ጌንስቦሮ ነው፤ ልጆቹም የራሱ፣ ሜሪና ማርጋሬት ናቸው።

የሚያምር የልጆች ሥዕል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ከዚያ በፊት የሠራውን ላየ ሰው ግን ማለፉ ይከብዳል። እዚያው ጋለሪ ውስጥ ወጣቱ ጌንስቦሮ ከሚስቱና ከአንዲት ሕፃን ጋር ደጅ ተቀምጦ የሚታይበት ሌላ ሥዕል አለ። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ስሟም ሜሪ ነበር፤ በ1748 ሞተች። በ1750 ሌላ ሴት ልጅ ሲወልዱ ያንኑ ስም መልሰው ሰጧት። እኛ ዘንድ ቢሆን ካሳነሽ ትባል ነበር፤ ነገሩ ያው ነው። እንግዲህ ይህ አባት ልጅ ከእጅ እንደምታመልጥ ያውቃል። ቢራቢሮ የሕይወትን አጭርነት ያመለክታል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከቢራቢሮዋ ይልቅ የምፈራው እሾሁን ነው።

ሥዕሉ አላለቀም። ፊታቸው ሥጋና ደም ነው፤ ወደ ቀሚሱ ግርጌ ሲወረድ ግን ብሩሹ ሮጦ ሮጦ ትቶታል። ምክንያቱ ብዙም ምሥጢር አይመስለኝም። ጌንስቦሮ እንጀራው የሌላ ሰው ፊት ነበር። ደንበኛ የሚከፍለው በልክ ነው፤ ራስና ትከሻ ብቻ ከሆነ ይቀንሳል፣ ግማሽ አካል ይጨምራል፣ ሙሉ ቁመት ደግሞ ከሁሉ ይወደዳል። እሱ ነፍሱ የሚወደው የገጠር መልክዓ ምድር ቢሆንም፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በባለጸጎች ፊት ነው። ለልጆቹ ሥዕል ግን ከፋይ የለም፤ ጨርስልኝ ብሎ በር የሚያንኳኳም የለም። የፈለገውን ካገኘ በኋላ ቢያቆም ማን ይጠይቀዋል?

ደግሞ የዘይት ቀለምን ጠባይ ማየት ነው። ቶሎ አይደርቅም። ዛሬ የተቀባው ጉንጭ ነገም ሊታረም ይችላል፤ ለሠዓሊ ይህ በረከት ነው። ልጅ ግን እንደ ቀለሙ አትታገስም። የእህቴን ልጅ ለመሳል በሞከርኩ ጊዜ አንድ ጆሮ ሳልጨርስ ሦስት ጊዜ ውኃ ጠጥታለች፣ ሁለት ጊዜ ተኮራርፈናል። ጌንስቦሮ ቀለሙን በተርፔንታይን አቅጥኖ፣ በረጃጅም ብሩሽ፣ በደብዛዛ ብርሃን ቶሎ ቶሎ ይሠራ እንደነበር በዘመኑ ያዩት ጽፈዋል። ልጅን ለመሳል ከዚህ የተሻለ ዘዴ ያለ አይመስለኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድመት አሳቅፎ ሲስላቸውም ያው ነው፤ የልጆቹ ፊት ተሠርቷል፣ ድመቷ ግን በጥቂት መስመር ተነድፋ ቀርታለች። ለነገሩ ድመትስ መቼ ቁጭ ትላለች!

ቤተሰቡ በ1759 ወደ ባዝ ከተማ ከሄደ በኋላ ጌንስቦሮ ገበያው ደራለት። በ1764 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሁለቱንም መልክዓ ምድር መሳል ሊያስተምራቸው እንዳሰበ ይናገራል። ሻይ ጠጪ እንግዳ ፊት የሚደነቁና የሚሾፍባቸው ወይዛዝርት እንዲሆኑ አይደለም፤ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚበሉትን እንዲያገኙበት ነው። የዚያን ዘመን አባት ለልጁ ባል ሲፈልግ እሱ ሙያ አሰበ። በዚያው ጊዜ አካባቢ በሠራው ሥዕል ላይም የሥዕል ዕቃቸውን ይዘው ይታያሉ።

እቅዱ ግን ብዙ አልሄደም። ባዝ ሳሉ ሜሪ በጽኑ ታመመች፤ አእምሮዋን የነካ ሕመም ነበር። አንድ ሐኪም የቤተሰብ በሽታ ነው፣ አትድንም ቢል፣ አባት እሱን ትቶ ሌሎች ሐኪሞች አመጣ። ያን ጊዜ ተሻላት። በ1780 ዮሐን ክርስቲያን ፊሸር የተባለ ኦቦ ነፊ አገባች። ሰውየው የጌንስቦሮ ወዳጅ ነው፤ ፎቶ በሌለበት ዘመን መልኩን የምናውቀውም ጌንስቦሮ ስለሳለው ነው። ወዳጅነት ሌላ፣ አማችነት ሌላ፤ አባት የፈቀደው ሳይወድ በግድ ነበር። ትዳሩ ወዲያው ፈረሰና ሜሪ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ሕመሙም ተመልሶ መጣ፤ የዌልስ ልዑል ይወደኛል ትል ነበር ይባላል።

ጌንስቦሮ በ1788 ሞተ። ከዚያ በኋላ ሜሪን የያዘቻት፣ ቢራቢሮዋን ልትይዝ የዘረጋችው ያቺ ታናሽ፣ ማርጋሬት ናት። ባል አላገባችም። አብረው ኖሩ፤ ማርጋሬት በ1820 ስትሞት፣ ሜሪ ያለ እሷ ስድስት ዓመት ቆየች።