ባለ ሦስት ስብስብ የቬን ሥዕል

ባለ ሦስት ስብስብ የቬን ሥዕል (የቬን ዲያግራም) የሦስት ስብስቦችን ዝምድና እርስ በርስ በተደራረቡ ሦስት ክቦች የሚያሳይ ሥዕል ነው። ክቦቹን የሚያቅፈው አራት ማዕዘን የሚጠናውን ነገር በሙሉ ይወክላል። ሥዕሉ ስምንት ክልሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ አባል ከስምንቱ በአንዱ ብቻ ይገኛል።

አመጣጥ

ሥዕሉ የተሰየመው ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው እንግሊዛዊው የሥነ አመክንዮ ሊቅ ጆን ቬን (1834–1923) ነው። ይሁንና የክቡ ሐሳብ ከእርሱ ይቀድማል። ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ለአንዲት ጀርመናዊት ልዕልት በጻፋቸውና በ1768 መታተም በጀመሩት ደብዳቤዎቹ ክቦችን ተጠቅሟል። ጀርመናዊው ላይብኒዝ ደግሞ ከኦይለር ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሥዕሎችን በእጅ ጽሑፎቹ ላይ አስፍሯል፤ ጽሑፎቹ ለኅትመት የበቁት ግን በ1903 ነው። ቬን ራሱ ክቦቹን በኦይለር ስም ይጠራቸው ነበር። በአብዛኛው የእርሱ አስተዋጽኦ ተደርጎ የሚወሰደው፣ ኦይለር በእውን ያለውን መደራረብ ብቻ ሲሥል፣ እርሱ ሊኖር የሚችለውን መደራረብ ሁሉ አስቀድሞ ሥሎ ባዶውን ክልል ማጥቆሩ ነው። «የቬን ዲያግራም» የሚለው መጠሪያ በጽሑፍ የወጣው በ1918 በአሜሪካዊው ክላረንስ ኧርቪንግ ሉዊስ መጽሐፍ እንደሆነ ይነገራል።

የክልሎች ንባብ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የሚለሙ ሰብሎች ለስምንቱ ክልሎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ሀ የኢትዮጵያ አገር በቀል ሰብሎች፣ ለ ቅመሞች፣ ሐ ከመሬት በታች ያለው ክፍላቸው ለምግብ የሚውል ሰብሎች ይሁኑ።

ቡና በሀ ብቻ፣ ቁንዶ በርበሬ በለ ብቻ፣ ጎደሬ በሐ ብቻ ይገኛሉ። ኮረሪማ አገር በቀል ቅመም ስለሆነ በሀና በለ መደራረቢያ ላይ ያርፋል። እንሰት አገር በቀል ከመሆኑም በላይ አምቾው ስለሚበላ በሀና በሐ መካከል ይገባል። እርድና ዝንጅብል ከውጭ የገቡ ቅመሞች ሲሆኑ የሚፈለገው ክፍላቸው ከመሬት በታች ስለሚያድግ ቦታቸው በለና በሐ መካከል ነው። በቆሎ ሦስቱንም ስለማያሟላ ከክቦቹ ውጭ፣ በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ይቀራል። ከተጠቀሱት ሰብሎች መካከል ሦስቱንም የሚያሟላ የለምና መሃሉ ይጠቁራል። ባዶ ክልል ከሥዕሉ አይሰረዝም፤ ባዶነቱ ራሱ መረጃ ነው።

የቁጥሮች ንባብ

ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስረዳት ያህል፣ ከ100 አባወራዎች 70ው ቡና፣ 40ው ኮረሪማ፣ 35ቱ ማር ያመርታሉ እንበል። ቡናና ኮረሪማ 30፣ ቡናና ማር 20፣ ኮረሪማና ማር 15፣ ሦስቱንም 10 አባወራዎች ያመርታሉ። አሞላሉ ከመሃል ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ 10 በመሃል ይጻፋል። ቡናና ኮረሪማ አምርተው ማር የማያመርቱት 30 − 10 = 20 ናቸው፤ በተመሳሳይ ስሌት የቀሩት ሁለት መደራረቢያዎች 10 እና 5 ይሆናሉ። ቡና ብቻ የሚያመርቱት 70 − (20 + 10 + 10) = 30፣ ኮረሪማ ብቻ 5፣ ማር ብቻ 10 ናቸው። የሰባቱ ክልሎች ድምር 90 ስለሆነ አንዱንም የማያመርቱት 10 ናቸው።

በንባብ ላይ የሚዘወተረው ስሕተት 30ውን «ቡናና ኮረሪማ ብቻ» ብሎ መውሰድ ነው፤ 30ው ሦስቱንም የሚያመርቱትን 10 ይጨምራል። ውጤቱን በቀመር ማረጋገጥም ይቻላል፦ 70 + 40 + 35 − 30 − 20 − 15 + 10 = 90። መጨረሻ ላይ 10 የሚደመረው የመሃሉ አባላት ሦስት ጊዜ ተቆጥረው ሦስት ጊዜ ስለተቀነሱ ነው።

ከሦስት በላይ

አራት ስብስቦች 16 ክልሎች ይፈልጋሉ፤ አራት ክቦች ግን ከ14 በላይ መፍጠር አይችሉም። ቬን ለአራት ስብስቦች ሞላላ ቅርጾችን ተጠቅሟል።