ከጀሶ የተፈለፈለ ላሊበላ

ልጄ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ቤተ መንግሥት ከካርቶን ሠርቶ ማምጣት። በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የክፍል ጓደኞቿ በመጽሐፍ ያዩትን የአውሮፓ ግንብ ሊሠሩ ተዘጋጅተዋል። እሷ ግን «አባዬ፣ እኛስ ቤተ መንግሥት አለን?» አለችኝ። ሆዴ ባባ። ጎንደር ተወልጄ፣ በፋሲል ግንብ ሥር እየተመላለስኩ አድጌ፣ ይህን ሳልነግራት 8 ዓመት ሞልቷታል።

ያን ምሽት ካርቶን ቆርጠን በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ አቆምን። በማግስቱ ለአንዲት የጎንደር እናት፣ ለጎረቤታችን፣ ወስደን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። «ማማውስ ማማ ነው ልጄ፤ ጉልላቱ የታለ? ያለ ጉልላት የፋሲል አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በየማማው አናት ላይ ያለውን እንቁላል መሰል ጉልላት ዘንግቼዋለሁ። በየቀኑ አልፌበታለሁ እንጂ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሥራው ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። ካርቶኑን ትተን ሸክላና ጀሶ ገዛን። አንዱን ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር መንዝረን፣ 32 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ግንብ 32 ሳንቲ ሜትር አደረግነው። ልጄ የጥፍር ያህል የሸክላ ድንጋይ እየደረደረች፣ አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸውን፣ ግንቡም በድንጋይና በኖራ መታነጹን በእጇ ተማረች። ጓደኞቿ ሊያዩ መጡ፤ ወላጆቻቸው ተከተሉ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤታችን ምድር ቤት በልጆች ይሞላል።

ቀጥለን ወደ ላሊበላ ሄድን፤ ያኔ የለመድነው ሁሉ ተገለበጠ። ግንብ ከመሠረት ወደ ላይ ይሠራል፤ ከአለት የተፈለፈለው የላሊበላ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ግን ከጣሪያው ወደ ታች የወረደ ነው። ስለዚህ መደርደር ቀረ። ጀሶ በሣጥን አፍስሰን፣ ሳይደርቅ እርጥበቱ እንዳለ፣ በመጀመሪያ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያሉትን የጣሪያ መስቀሎች ነደፍን። ከዚያ ዙሪያውን እንደ ጉድጓድ ቆፈርን፤ በርና መስኮት አወጣን፤ በመጨረሻ ውስጡን ፈለፈልን። አንድ ልጅ የመስቀሉን ክንድ ሰበረና አለቀሰ። በሙጫ እናጣብቀው ስለው ጥቂት አሰበ፤ «እነሱ ሙጫ አልነበራቸውም» ብሎ አዲስ ጀሶ ጠየቀኝ። 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው አለት ላይ መሮ ያነሱት ሰዎች፣ የወሰዱትን መመለስ እንደማይችሉ እያወቁ እንደሠሩ ያ ልጅ በ10 ዓመቱ ገብቶታል። እኔ በ40ዎቹ ዕድሜዬ ነው የገባኝ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የአክሱም ሐውልት ነው። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም የቆመውን፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ስንቀርጽ፣ ልጆቹ «በሩ ለምን አይከፈትም?» ብለው ጠየቁኝ። በሩ የድንጋይ ቅርጽ ነው፤ መስኮቶቹም እንዲሁ። ወጣ ወጣ ያሉት ክብ ነገሮች ደግሞ የወራጅ እንጨት ጫፍ አምሳል ናቸው። እውነተኛው እንጨት በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። አክሱሞች እንጨትና ድንጋይ ቀላቅለው የሚሠሩትን ቤት፣ ፎቅ በፎቅ አድርገው በአንድ አለት ላይ ቀርጸውታል። እኛ በምድር ቤታችን የምንሠራው ነገር አዲስ አይደለም፤ ሕንጻን በሌላ ነገር መቅረጽ ከአባቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው።

በየአገሩ ያላችሁ ወላጆች፣ ጀሶው ርካሽ ነው፤ ቢላዋም በየቤቱ አለ። በስዕል ከምታሳዩዋቸው ይልቅ አብራችሁ ሥሩ። የረሳችሁትን ጉልላት የሚያስታውሷችሁ እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ሠርታችሁ ስትጨርሱም መስታወት ውስጥ አትቆልፉበት፤ ልጆቹ እየዳሰሱ ይደጉ።