የፈቃድ ወረቀት ሲጠፋ፤ በፍሎሪዳ ግዛት የሽጉጥ መያዣ ፈቃድ ታሪክ ከ1893 እስከ 2023

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በ1987 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሽጉጥ ሸሽጎ ስለ መያዝ ፈቃድ የወጣው ሕግ በመካከሉ አንዲት አጭር አንቀጽ ይዟል። ፍሬ ነገሯም ይህ ነው፤ የፈቃዱ ወረቀት የጠፋ ወይም የተበላሸ እንደሆነ ፈቃዱ ማንም ሳይፈርድበት ወዲያውኑ ዋጋ ያጣል፤ ባለፈቃዱም 15 ዶላር ከፍሎ፥ ወረቀቱ መጥፋቱን በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ያረጋገጠበትን ጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ሲያቀርብ ምትኩን ለማግኘት ይችላል። ነገሩ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን፥ አንድ ፈቃድ የሹም ችሮታ ነው ወይስ የሰው መብት ነው የሚለውን ለመለየት ከፈለግን፥ ወረቀቱ በጠፋ ማግስት ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድና ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ መመልከት ይበቃናል የሚል ነው። ሰውየው እንደገና ደጅ ለመጥናት የሚገደድ ከሆነ ከመጀመሪያውም በእጁ የነበረው ችሮታ ነው። መጥፋቱን ብቻ አስረድቶ ምትኩን የሚቀበል ከሆነ ግን የጠፋው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ከ1987 በፊት ፍሎሪዳ ስትሠራበት የኖረችው ሕግ መነሻው በ1893 የወጣው ሕግ ነው። ይህ ሕግ በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ዊንቸስተርና ስለ ሌሎች ደጋጋሚ ጠመንጃዎች ነበር፤ በ1901 ሲሻሻል ሽጉጥ ተጨመረበት። ከነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ይዞ ለመዘዋወር የሚፈልግ ሰው ከአውራጃው ሹማምት ጉባኤ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላውና መልካም ጠባይ ያለው መሆን አለበት፤ ከዚህም በላይ በመሣሪያው በሚገባ እንደሚሠራበት ለአገረ ገዥው የሚከፈል የ100 ዶላር ዋስትና ይሰጣል። ይህን ያህል ዋስትና ለማቅረብ የሚችለው ንብረት ያለው፥ ወይም ንብረት ያለው ወዳጅ ያለው ሰው ነው። ፈቃዱ የሚጸናው ለሁለት ዓመት ሲሆን፥ ጉባኤው የባለፈቃዱን ስም፥ የመሣሪያውን ሠሪ ስም፥ የጥይቱን ልክና የመሣሪያውን ቁጥር በመዝገብ ይጽፍ ነበር።

እንግዲህ መዝገብ አልጠፋም ማለት ነው። ነገር ግን መዝገቡ ያለው በሹማምቱ እጅ ነው፤ «መልካም ጠባይ» የሚለውም ቃል በምን እንደሚለካ ሕጉ አይናገርም፤ መለኪያው የጉባኤው አባሎች ሕሊና ብቻ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል። ወረቀቱ ጠፋም አልጠፋም፥ አመልካቹ ተመልሶ የሚቆመው በዚያው በር ላይ ነው።

በሩ ለማን ክፍት እንደነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ከዚያው አገር ዳኛ አፍ ወጥቷል። በ1941 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋትሰንና ስቶን በተከራከሩበት ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። ተከሳሹ የተያዘው በአውቶሞቢሉ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሽጉጥ ስለ ተገኘበት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እንዲለቀቅ አዘዘ። ከዳኞቹ አንዱ ሪቨርስ ቡፎርድ በውሳኔው ተስማምተው የራሳቸውን አስተያየት ለብቻ ጻፉ። እሳቸው እንዳሉት፥ የ1893 ሕግ የወጣው ጥቁሮች የጉልበት ሠራተኞች የተርፐንታይን ሙጫ ወደሚለቀምባቸውና እንጨት ወደሚቆረጥባቸው ሠፈሮች በብዛት በመጡበት ዘመን ሲሆን፥ ዓላማውም እነዚህን ሠራተኞች መሣሪያ ለማስፈታትና ራቅ ባለ ገጠር የሚኖሩትን ነጮች ለማረጋጋት ነበር። በነጮች ላይ እንዲሠራ ከቶ አልታሰበም፤ በተግባርም አልተሠራበትም። በገጠር የሚኖሩት ነጮች አብዛኞቹ ሕጉን ሲተላለፉ እንደኖሩም ዳኛው አልሸሸጉም።

ይህን ቃል ማቃለል አይገባም። የተናገረው የሕጉ ተቃዋሚ ጋዜጠኛ ወይም ከሩቅ የመጣ ታዛቢ አይደለም፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠ የዚያው ግዛት ዳኛ ነው። ከቃሉም የምንረዳው፥ በአንድ ሕግ ሥር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ነው፤ አንደኛው ወረቀት ባይኖረውም የሚጠይቀው የለም፤ ሁለተኛው ወረቀት ይጠየቃል፥ ወረቀቱንም የሚሰጠው የለም። ፈቃድ የሚጠፋበት ሰው እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነውና፥ ለብዙዎቹ ጥቁሮች የመጥፋቱ ጉዳይ ገና አልደረሰም ነበር።

ይህ አሠራር በፍሎሪዳ ብቻ የነበረ እንዳይመስለን የጎረቤቷን የአላባማን ነገር ባጭሩ እናንሣ። የአላባማ የ1936 ሕግ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለሸሪፉ፥ ማለት ለአውራጃው የፖሊስ ሹም፥ ሰጥቶት ነበር። አመልካቹ በሰውነቱ ወይም በንብረቱ ላይ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ የሚሰጋበት በቂ ምክንያት ያለውና ለፈቃዱ ተገቢ ሰው ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ሸሪፉ ፈቃድ «ሊሰጥ ይችላል» ይላል። ጥር 30 ቀን 1956 በሞንትጎመሪ ከተማ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በቤት ውስጥ ነበሩ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ጉዳት አልደረሰባቸውም። ኪንግ ከዚያ በኋላ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አመለከቱ፤ ተከለከሉም። ቤቱ በቦምብ የተመታበት ሰው የሚሰጋበት በቂ ምክንያት ከሌለው ያ ምክንያት ለማን እንደሚገኝ ለማወቅ ያስቸግራል። ኪንግ በኋላ መሣሪያን ከቤታቸው ማራቃቸውና የሰላማዊ ትግል መምህር መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ይህ ግን የእሳቸው ምርጫ ነው፤ የሸሪፉን ውሳኔ ትክክለኛ አያደርገውም። ነገሩ ሁሉ ያለው «ይችላል» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። የሚችል ሰው አለመቻልም ይችላል።

ወደ ፍሎሪዳ እንመለስ። እስከ 1987 ድረስ የግዛቲቱ 67 አውራጃዎች ፈቃድ የሚሰጡት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሠራር ነበር። አንዱ አውራጃ የሚሰጠውን ሌላው ይከለክላል። በዚያ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዥው ቦብ ማርቲኔዝ ፈረሙበት፤ ጥቅምት 1 ቀንም ሥራ ጀመረ። ምክር ቤቱ በሕጉ ውስጥ ምክንያቱን ሲገልጽ፥ ለግዛቲቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መመዘኛ ማስፈለጉንና፥ መመዘኛውን ያሟላ ሕግ አክባሪ ሰው በሹም የግል አስተያየት መብቱን እንዳይነፈግ ማሰቡን ይናገራል። ስለዚህ «ሊሰጥ ይችላል» ቀርቶ «ይሰጣል» ሆነ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ፥ የጣት አሻራውን የሰጠ፥ በመሣሪያ አያያዝ መሠልጠኑን ያስመሰከረ፥ በከባድ ወንጀል ያልተፈረደበት ሰው ካመለከተ መሥሪያ ቤቱ በ90 ቀን ውስጥ ፈቃዱን መስጠት ወይም የከለከለበትን ምክንያት መናገር ግዴታው ነው። በሕጉ ቃል ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ አገር ተወላጅም ከአመልካቾች ይቆጠራል፤ ስለዚህ ወደዚያ ሄደው የሚኖሩትን ወገኖቻችንንም ይመለከታል።

ይህ ለውጥ መልካም ውጤት አምጥቷል ወይስ ጉዳት የሚለው ሌላ ክርክር ነው። በ1997 ሎትና መስታርድ የተባሉ ምሁራን እንዲህ ያለው ሕግ ወንጀልን ይቀንሳል ብለው ጻፉ፤ በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ጉባኤ ያለውን ማስረጃ መርምሮ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል ለማለት የሚያበቃ አይደለም አለ። እኛም እዚህ አንገባበትም። የሽጉጥ መብዛት የማያስደስተው ሰው እንኳ (የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከነዚህ አንዱ ነው) አንድን ፈቃድ ለሁሉ በእኩል መስፈርት መስጠትና በሹም ፊት አይቶ መስጠት የተለያዩ መሆናቸውን ሊክድ አይችልም።

አሁን ወደ መነሻችን፥ ወደ ጠፋው ወረቀት ደርሰናል። ፈቃዱ መብት ከሆነ፥ ወረቀቱ ሲጠፋ ፈቃዱ ራሱ ዋጋ ያጣል ማለት ለምን አስፈለገ? የብር ኖት ከኪስ ከወደቀ ገንዘቡም ሄደ፤ የባንክ ደብተር ቢጠፋ ግን ገንዘቡ በባንክ መዝገብ አለ፤ አዲስ ደብተር ይጻፋል። የፍሎሪዳ ፈቃድ በጠባዩ እንደ ባንክ ደብተር ነው። የባለፈቃዶችን ስም የያዘ ዝርዝር በመሥሪያ ቤቱ ይጠበቃል፤ ፖሊሶችም በማናቸውም ሰዓት በመሣሪያ ሊመለከቱት እንዲችሉ ሕጉ አዟል። እንደ 1893 መዝገብ የሽጉጡን ሠሪና ቁጥር አይጽፍም፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። በወረቀቱም ላይ የባለፈቃዱ ባለቀለም ፎቶግራፍ አለበት። ይሁንና ሁለት ወረቀት በአንድ ሰው ስም እንዳይዞር፥ የወደቀውንም ያገኘ ሰው እንዳይጠቀምበት፥ የጠፋውን መግደል አስፈለገ። ባለፈቃዱ መጥፋቱን በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ባያስታውቅ 25 ዶላር ይቀጣል፤ ይህም እንደ ወንጀል አይቆጠርም።

በዚህ ላይ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር ይታያል። ባለፈቃዱ ሽጉጡን በያዘ ጊዜ ሁሉ ወረቀቱን አብሮ እንዲይዝ ሕጉ ያዝዝ ነበር። ወረቀቱን በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ የወጣ ሰው ቅጣቱ 25 ዶላር ነው። ወረቀቱን በመንገድ የጣለው ሰው ግን፥ በአንቀጹ ቃል መሠረት፥ ፈቃዱ ራሱ ዋጋ አጥቷልና ፈቃድ እንደሌለው ሰው ሊቆጠር ነው፤ ያለፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት እሥራት የሚያደርስ ከባድ ወንጀል ነበር። ሁለቱም ሰዎች በመዝገቡ ላይ ስማቸው እኩል ተጽፏል። ልዩነታቸው ወረቀቱ የወደቀበት ቦታ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን አስበውበት ይሆናል ለማለት ያዳግታል፤ ምናልባት ከሌላ የፈቃድ ሕግ የተለመደውን አነጋገር ወስደው አስገብተውት ይሆናል። ይሁን እንጂ መውጫው ቅርብ ነው፤ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ጽሑፍና 15 ዶላር። ጠባዩ መልካም መሆኑን እንደገና የሚመረምር ጉባኤ የለም፤ የሚሰጋበትን ምክንያት የሚመዝን ሸሪፍ የለም፤ ዋስ አምጣ የሚለውም የለም። በ1956 በሞንትጎመሪ ያልተገኘው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። በ2003 ፈቃድ የመስጠቱ ሥራ ወደ ግዛቲቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ብርቱካንና ሽጉጥ በአንድ ጣራ ሥር ዋሉ ማለት ነው። በ2006 የባለፈቃዶቹ ስምና አድራሻ ለሕዝብ እንዳይገለጥ ተደነገገ። በሹም ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ የቆየው የሌሎች ግዛቶች አሠራርም በሰኔ 2022 ወደቀ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ አመልካች የተለየ ምክንያት እንዲያስረዳ ያስገድድ የነበረውን የኒውዮርክ ሕግ ሻረ።

ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፍሎሪዳ ያለፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን በመፍቀድ 26ኛዋ ግዛት ሆነች። መመዘኛውን የሚያሟላ ሰው የታወቀ መታወቂያ ከያዘ ይበቃዋል። ፈቃዱ ግን አልተሠረዘም፤ የሚፈልገው ሰው አሁንም ያወጣዋል። የፍሎሪዳን ፈቃድ ወደሚቀበሉ ሌሎች ግዛቶች የሚጓዝ ሰው ያስፈልገዋል። ከትምህርት ቤት ቅጥር 1,000 ጫማ በማይርቅ ስፍራ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው የአሜሪካ መንግሥት የ1990 ሕግም፥ በ1995 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሽሮ በ1996 ተሻሽሎ ከወጣ በኋላ፥ ከክልከላው ነፃ ከሚያደርጋቸው መካከል ትምህርት ቤቱ ካለበት ግዛት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ይገኛል። ስለዚህ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ባለሽጉጥ አባት፥ በግዛቱ ሕግ ፈቃድ ባያስፈልገውም፥ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ሲደርስ ያቺው ወረቀት ታስፈልገዋለች።