ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቶቻችን

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን መብት ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ሰጥቶ ነበር። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው በዚሁ ሕግ ዘመን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 29 ለጦርነት አዋጅ የፓርላማው ምክርና ስምምነት እንዲያስፈልግ ደነገገ። ይሁንና ሠራዊቱን የማዘዙ ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቀረ። በ1952 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ጦር ወደ ኮንጎ ሲላክም የታወጀ ጦርነት አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ዘማች ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ቤትም የሚወጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ መምህራን «ማን ያውጃል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን ያዘምታል?» የሚለውንም ለተማሪው ሊያቀርቡለት ይገባል።