ጥሩምባው ከነመምህሩ መጣ

«የውጭ መሣሪያ ክራራችንን ገደለው» የሚል ክርክር በእኛ በስደተኞቹ ዘንድ ይዘወተራል። እኔ አልስማማም።

ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአጼ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጥተው ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ልብ በሉ! የመጣው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ አስተማሪ፣ ኖታና ደመወዝ አብረውት መጡ። አዝማሪው ግን በየመኳንንቱ ግብዣ ቢሸለምም ማሲንቆውን የተሸከመው በራሱ ጉልበት ነው።

በመሐንዲስ ዓይን ነገሩ የልክ ጉዳይም ነው። የጊታር ክር ውፍረቱ በቁጥር የታወቀ ስለሆነ የትም ይገኛል፤ የክራር ልክ ግን በሠሪው እጅ ውስጥ ነው። እዚህ ዌሪቢ ክራሬ ላይ የወጠርኩት የጊታር ክር ነው፤ በትዝታ ቅኝት አላስቸገረኝም።